ያደገው ሳጥን

እናቷ ያወጣችላትን ስም በአትክልት ገበያው ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ሁሉም መለከት ይላታል። አንድ ቀን ጭነቱን በቅጡ ሳያስር የተነሳ የመኪና ሹፌር፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ መቶ እርምጃ ያህል ከራቀ በኋላ «ቁም!» ስትለው ሰምቶ ፍሬን ያዘ። ስሙ የወጣላት ያን ቀን ነው። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትናገር አገጯን ቀና የምታደርግ ሴት ናት።

አሥራ አንድ ዓመት ቲማቲም መርጣለች። ጠዋት በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ ሳጥን ይቀርብላታል፤ ጠንካራውን ለሩቅ መንገድ፣ የቀላውን ለዕለቱ፣ የላላውን ለምግብ ቤቶች ትለያለች። ዓይኗ ወሬ ላይ ቢሆንም እጇ አይሳሳትም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ነገር ሲያበሳጫት ኖሯል። ከማሳ የመጣ ገበሬ ጋሪውን ያቆማል፤ ጅምላ ገዢው ጠጋ ብሎ በጆሮው ዋጋ ይነግረዋል። ለሚቀጥለው ገበሬ ሌላ ዋጋ፣ ከእሱ ለሚቀጥለውም ሌላ። ማን በስንት እንደሸጠ የሚያውቁት ገዢዎቹ ብቻ ናቸው። ገበሬው ዞሮ እንዳይጠይቅ ጋሪውን ለማን ይተዋል? ነገ እመለሳለሁ እንዳይል፣ ቲማቲም ነገን አይጠብቅም።

የንግድ ቢሮው ድምፅ ማጉያና ጥቁር ሰሌዳ ይዞ ወደ ገበያው ሲመጣ፣ ገበያውን የሚያውቅና ድምፁ የሚሰማ ሰው ፈለገ። ከመለከት ጋር የሚያወዳድሩት ሌላ ሰው አላገኙም።

«ሙከራው ለአንድ ወር ነው» አላት የቢሮው ኃላፊ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በንግግሩ መሃል መነጽሩን እያወለቀ የሚያስብ ሰው ነው። «ገበያ ለብቻው ሲተው ጉድለት ያሳያል። መረጃ ያለው ይጠቀማል፣ የሌለው ይጎዳል። መንግሥት ጣልቃ የሚገባው ይህን ጉድለት ለማስተካከል ነው። ገባሽ?»

«እንዴት አይገባኝ! ጉድለት ነዋ!»

የገባት ግን ሌላ ነበር። በገበያው ቋንቋ ጉድለት ማለት ሳጥን እስከ አፍ ገደፉ ሳይሞላ ሲቀር ነው። ገበሬ አንድ ስንዝር አጉድሎ ሞላሁ ሲል፣ ገዢው «ጉድለት አለው» ብሎ ይመልስበታል። እናም መለከት መንግሥት ስለ ጎደሎ ሳጥን መጨነቅ ጀመረ ብላ ደስ አላት። ከዋጋው በፊት ሁልጊዜ አንድ ማሳሰቢያ ትናገር ጀመር፦ «ወገኖቼ፣ ጉድለት እንዳይኖር! ሳጥኑን ሙሉ! ሳጥኑን ሙሉ!» ኃላፊው በቢሮው መስኮት ሆኖ ይሰማታል፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም፣ ቢሆንም በጎ ነገር መሰለው።

ሥራው ቀላል ነበር። ጠዋት ገበያው ሲከፈት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በጋሪዎቹ መሃል ትዞራለች፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሽያጮች በስንት እንዳለቁ ትሰማለች፤ ከዚያ ወደ ጠባቧ የቆርቆሮ ክፍሏ ገብታ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ትጽፍና ድምፅ ማጉያውን ታነሳለች። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለች፦

«የዛሬ ቲማቲም፣ አንድ ሳጥን! ዝቅተኛው ሦስት መቶ ሃምሳ! ከፍተኛው አራት መቶ ሃያ! ደግሜ እላለሁ፣ አራት መቶ ሃያ የሸጠ ሰው አለ!»

ገበሬው ሁሉ ወደ ቆርቆሮ ክፍሏ ዞረ። ከዚያ በሦስት መቶ ሃምሳ ሊያስረክብ ሳጥን ያነሳ አንድ ገበሬ መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ቀጥሎ ሌላው። በየጋሪው «ኧረ ስማ! ሰማህ?» የሚል ጫጫታ ተነሳ። ሳምንቱ ሳይሞላ ከአራት መቶ ሃያ በታች የሚሸጥ ሰው ጠፋ። መለከት ምሳዋን ቆማ መብላት ጀመረች፤ መቀመጥ አልቻለችም። ቤት ስትገባ ባሏን «ዛሬም አራት መቶ ሃያ!» ትለዋለች፤ ባሏ «እኔን ልትሸጪኝ ነው እንዴ?» ይላታል።

የሚገርመው ጅምላ ገዢዎቹ አለመጮሃቸው ነው። ትልቁ ገዢ «ጋሽ ልክ» ይባላል፤ ለሚነገረው ሁሉ «ልክ ነው» ብሎ ስለሚመልስ። ግማሹ ገበያ የሚጠቀመው የእሱን ሳጥን ነው፤ ገበሬው ከጋሪው እያወረደ የሚሞላው እሱ በሚያቀርበው ሳጥን ውስጥ ነው። ሰሌዳውን ሲያይ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፦

«አራት መቶ ሃያ?»

«አራት መቶ ሃያ፣ ጋሽዬ። መጥፎ ነው?»

«ልክ ነው እንጂ! ደግሞ ሳጥኑ ይሙላ የምትያት ነገር እንዳትቀር፤ እሷ ጥሩ ናት» አለና ሄደ።

ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ነገሩ ፈነዳ። ዓርብ ገበሬዎቹ ተሰብስበው እንደሚጠየቁ ኃላፊው አስቀድሞ ነግሯታል፤ ጠቅሞናል ካሉ ሰሌዳው ይቆያል፣ አልጠቀመንም ካሉ ይነሳል፣ እሷም ወደ በርጩማዋ ትመለሳለች። እሷ ለዓርብ የምትለብሰውን ቀሚስ እያሰበች ዋጋ ስትጽፍ፣ ከኋላዋ ቆርቆሮው በቡጢ ተመታ። አሥራ አምስት ያህል ገበሬዎች ቆመዋል፤ ከፊት የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ አጎቷ ነበር።

«ምነው አጎቴ? ምን ሆናችሁ?»

«ምን ሆናችሁ ትላለች እንዴ! ከድሮው ባሰብን እኮ! አንቺ እዚህ ሆነሽ ትለፈልፊያለሽ፣ እኛ ባዶ ኪስ እንመለሳለን።»

«እንዴት? ዋጋው ጨምሮ የለ?»

«ዋጋው ጨመረ፣ ቲማቲሙ ቀነሰ!»

«ማን ቀነሰው?»

«እኔ ምን አውቄ! ያው ጋሪ ነው፣ ያችው አህያ ናት። ድሮ አሥር ሳጥን ይሞላልኝ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ስምንት። መንገድ ላይ የሚሰርቀኝ አለ ብዬ ወንድ ልጄን ጭነቱ ላይ አስቀመጥኩት። እሱም ራሱ እየበላ ነው ብዬ ሰደብኩት።»

ሌላው ገበሬ ቀበል አድርጎ «የእኔም እንደዚያው ነው፤ አሥራ አምስቱ አሥራ ሁለት ሆነብኝ» አለ። ሦስተኛው ማሳው የተረገመ መስሎት እንደነበር ተናገረ።

መለከት ጠመኔውን ጣለች። በገዢዎቹ መሃል እየተጋፋች ሄዳ ከጋሽ ልክ ሳጥኖች አንዱን፣ ገና ባዶውን፣ ያዘች። ክንዷን ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ሰደደች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጣቷ የሳጥኑን ወለል ሲነካ የሳጥኑ ጠርዝ ክርኗ ላይ ያርፍ ነበር። አሁን ጠርዙ ከክርኗ አልፎ እጅጌዋ መሃል ደረሰ።

«ወይኔ!» አለች። ቀስ ብላ ነበር ያለችው፤ ሰው ሁሉ ግን ሰማት።

ወደ ሳጥን ሠሪው ሄደች፤ ሩጫ ነበር ማለት ይቻላል። ሳጥን ሠሪው ከገበያው ጀርባ፣ በእንጨት ፍቅፋቂ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተቀብሮ ነው የሚሠራው። ምስማር በከንፈሩ ይዞ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳጥኑ በስንት ጣውላ ነው?»

ምስማሩን ከአፉ አወጣ። «የቱ? የድሮው በአራት፣ የአሁኑ በአምስት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአምስት ነው የታዘዝኩት።»

«አምስት ሲሉህ ምነው አትለኝም?»

«እህቴ፣ እኔ ሳጥን እሠራለሁ እንጂ ዋጋ አልሠራም። ደግሞም ያዘዘኝ ሰው ‹መንግሥት ሳጥን ይሙላ ብሏል› አለኝ። አንቺ ነሽ ስትጮሂ የምትውይው!»

እዚያው ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ነበር የታያት። እሷ የሳጥኑን ዋጋ ሰቀለች፣ እነሱ ሳጥኑን አሳደጉት፤ ይህ ሳያንስ ያደገው ሳጥን ጢም ብሎ እንዲሞላ በየቀኑ በድምፅ ማጉያ ስትለፍፍ የሰነበተችው ራሷ ናት። ወር ሙሉ በጆሮዋ ስትሠራ ክንዷን አንድ ሳጥን ውስጥ እንኳ አልከተተችም። ከዚያ ሳጥን ሠሪው እንደሚናገረው፣ እየሳቀች ተነሳች። «አበደች ብዬ ነበር» ይላል።

ኃላፊው ቢሮ ስትገባ ሳታንኳኳ ነበር።

«አለቃዬ፣ ሚዛን እፈልጋለሁ። ዕቃ ግምጃ ቤት ያለውን፣ መሬት ላይ የሚቀመጠውን።»

ነገሩን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ፤ የሳጥን ጉድለት የምትለው ምን እንደነበር ሲረዳ ደግሞ መልሶ አደረገው።

«እህ… እኔ ጉድለት ያልኩት…»

«ያልከው አሁን ነው የገባኝ። ጉድለቱ ሳጥኑ መሙላቱ ነው።»

«ግን የተፈቀደልን ዋጋ መናገር ብቻ ነው። የሳጥን መጠን መወሰን ሌላ መመሪያ፣ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። ወራት ይፈጃል።»

«ሳጥን ውሰን አላልኩም። እስከ ፈለጉት ያሳድጉት፣ ቤት ይሥሩበት! እኔ በኪሎ ልናገር ነው ያልኩት። በኪሎ መናገር መናገር አይደለም?»

ኃላፊው ጥቂት አሰበ። ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ፈገግታ ወጣ፤ በዚያ ቢሮ ብዙም የማይታይ ነገር ነው። «መናገር ነው» አለ፤ መሳቢያውን ስቦ የዕቃ ግምጃ ቤት ማውጫ ቅጽ ላይ ፈረመላት።

ሐሙስ ጠዋት ሚዛኑ በሁለት ተሸካሚ መጥቶ ገበያው መሃል ተቀመጠ። ፀሐይዋ ገና ጣሪያዎቹን አልዘለለችም፤ ሰው ግን ከወትሮው እጥፍ ነበር። መለከት አንዱን የአራት ጣውላ ሳጥን ከምግብ ቤት ጓሮ ተውሳ አምጥታለች። አጠገቡ የአምስት ጣውላውን አስቀመጠች። ሁለቱንም ራሷ ሞላች።

«ወገኖቼ!» ድምፅ ማጉያው ፉጨት አሰማ። «እነዚህ ሁለቱ ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሳጥን ይባላሉ። እስቲ እንያቸው!»

የመጀመሪያው ወጣ። ቲማቲሙ ብቻ ሃያ ስምንት ኪሎ። ሁለተኛው ወጣ። ሠላሳ አምስት።

ከሰው መሃል የወጣው ድምፅ ጩኸትም ሳቅም አልነበረም፤ የሁለቱ ድብልቅ ነበር። አጎቷ «ልጄን ሰደብኩት እኮ!» እያለ ራሱን ያዘ። መለከት ስሌቱን ተናገረች፦ አራት መቶ ሃያው በትንሹ ሳጥን ሲሆን ኪሎው አሥራ አምስት፣ በትልቁ ሲሆን ኪሎው አሥራ ሁለት፤ በጆሮ በሚነገረው በድሮው ሦስት መቶ ሃምሳ እንኳ ኪሎው ከአሥራ ሁለት ይበልጥ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሰሌዳው ላይ ሳጥን የሚባል ቃል አይጻፍም አለች፤ ወሩን ሙሉ ሳጥኑን ሙሉ ስትል የነበረውም ስህተቷ እንደሆነ ጨምራ ተናገረች። ጭብጨባው ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ።

ጋሽ ልክ እጁን አነሳ። ሰው ዝም አለለት።

«ልክ ነው» አለ። «ሳጥኑን አሳድጌያለሁ፤ አልክድም። ዋጋውን በአደባባይ ሰቅላችሁ ስታስሩብኝ የት ልግባ? መኪና አለኝ፣ ነዳጅ አለኝ። ግን አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሥራ አንድ ዓመት ስትመርጪ ከሳጥኑ ታች ምን ታገኚ ነበር?»

መለከት ዓይኗን ወደ አጎቷ ሳጥኖች ጣለች።

«ንገሪያቸው እንጂ! ከላይ ጠንካራውን ደርድረው፣ ከታች የላላውን አይደል የሚቀብሩብኝ? ከተማ ስደርስ ሲሶው ውኃ ሆኖ ይጠብቀኛል። እንግዲህ እውነት ይነገር ካልሽ ሁሉም ይነገር። የአጎትሽን ሳጥን ገልብጪው።»

ዓይን ሁሉ ወደ አጎቷ ዞረ። አጎቷ ስምንቱን ሳጥን ሞልቶ አጠገቡ አቁሟል። ቀይ፣ ጠንካራ፣ የሚያብረቀርቅ ቲማቲም ከላይ ተደርድሮበታል። ፊቱ ግን እንደ ቲማቲሙ አልነበረም።

«መለከት» አላት በዝግታ። «ልጅ ሆነሽ ያዘልኩሽ ሰው ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ አጎቴ።»

«ነገ ዓርብ ነው። ማን እንደሚናገርልሽ ታውቂያለሽ። እነዚህ ሰዎች እኔን ነው የሚሰሙት።»

ይህም እውነት ነበር። አጎቷ አይሆንም ካለ ገበሬዎቹ አይሆንም ይላሉ፤ ሰሌዳው ይነሳል። ሳጥኑን ካልገለበጠች ደግሞ ሰሌዳው ቢቆይም ማንም ገዢ ዳግመኛ አያምነውም። ድምፅ ማጉያውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። ከስምንቱ ሳጥኖች መሃለኛውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በጉልበቷ ደግፋ፣ በተዘረጋው ሸራ ላይ ደፋችው።

የላይኛው ጠንካራው እየነጠረ ተንከባለለ። የታችኛው አልተንከባለለም፤ ባለበት ተዘረረ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። «አጎትየው ለሾርባ ነው ያመጣው!» አለ አንዱ። «ማንኪያ አምጡ!» አለ ሌላው። አጎቷ ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣለ፣ መልሶ ለበሰው፤ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም።

መለከት ሸራው ላይ ተንበርክካ በዚያች የለመደች እጇ ለየች። ብዙ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሦስት ክምር ሠራች፣ መዘነች፣ ድምፅ ማጉያውን አነሳች። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

«የአጎቴ ሳጥን! አንደኛ ደረጃ ሃያ አንድ ኪሎ! ሁለተኛ ደረጃ ስምንት ኪሎ! የላላ ስድስት ኪሎ! ከዛሬ ጀምሮ ሰሌዳው ሦስት መስመር አለው። ለአንደኛው ማን ስንት ይላል? በጆሮ ሳይሆን ጮክ ብሎ!»

ገዢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከኋላ፣ ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያላት አንዲት ቸርቻሪ፣ እስከዛሬ ከጅምላ ገዢዎቹ የተረፈውን ብቻ ስትገዛ የኖረች ሴት፣ «አሥራ ስድስት!» አለች።

ጋሽ ልክ ዞር ብሎ አያት። «አሥራ ስድስት?»

«የተመረጠ ከሆነ አሥራ ስድስት። ታቹን አይቼዋለሁ።»

«አሥራ ስድስት ተኩል» አለ ጋሽ ልክ።

«አሥራ ሰባት!» አለ ሌላ ገዢ፣ እስካሁን ግድግዳ ተደግፎ ሲያይ የነበረ።

ገበያው ከዚያ በኋላ የሚያዝ አልሆነም። ገበሬዎች ሳጥናቸውን ራሳቸው እየገለበጡ፣ ሊሰድቧቸው ለተዘጋጁት ገዢዎች ቀድመው «እኔ ራሴ እነግራችኋለሁ፣ ታቹ ለስላሳ ነው!» እያሉ መምረጥ ያዙ። የላላው እንኳ ገዢ ነበረው፤ የምግብ ቤት ሴቶች ለይተው ሲያገኙት ተሻሙበት። ጋሽ ልክ ጭነቱን ሁሉ በአንደኛ ደረጃ ብቻ ሞልቶ፣ «እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ጭነት ጭኜ አላውቅም» እያለ ሹፌሩን ሲያጣድፍ ታየ። ኃላፊው ከመስኮቱ ወርዶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የሚዛኑን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ማንም አላዘዘውም።

መለከት ዓይኗን ከአጎቷ ላይ አላነሳችም። ጋሪውን አዙሮ ከበሩ አጠገብ አቁሞታል። ይሄዳል ብላ ጠበቀች። አልሄደም። የቀሩትን ሰባት ሳጥኖች አንድ በአንድ መሬት ላይ ደፍቶ፣ ተቀምጦ፣ በማያውቅ ወፍራም እጁ ይመርጥ ጀመር። ጠንካራውን ከላላው እያቀላቀለ ነበር። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይኼ ሁለተኛ ነው፣ አጎቴ። የተቀጠፈበት ቦታ ላይ ጫን በለው፤ ተሰማህ?»

«አይሰማኝም።»

«ቆይ፣ በአውራ ጣትህ።»

ጫን አለ። ደግሞ ሌላውን ጫን አለ። «እ» አለ።

ጎን ለጎን ሆነው መረጡ። ሲጨርሱ የአንደኛው ክምር ከሁለቱ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። አጎቷ ጉልበቱን ደግፎ ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ወደ ክምሩ በአገጩ አሳየ።

«የላላውን ስትጮሂ ከመንደራችን ወንዝ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም» አላት። «ይኼን ደግሞ እስከ ሁለተኛው ወንዝ ጩኺልኝ። ከዚያ ነገ ምን እንደምላቸው አብረን እናስባለን።»